ከቤል አህያ እስከ አንጎል ግንድ፦ መንጋጋን የሚያዝዘው ነርቭ ታሪክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ የአናቶሚ ሊቃውንት አምስተኛውን የራስ ቅል ነርቭ፣ ማለትም ከአንጎል ወጥቶ በሦስት ቅርንጫፎች ግንባርን፣ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ የሚያዳርሰውን ነርቭ፣ በመልክና በአቀማመጥ ያውቁት ነበር፤ በሥራው ላይ ግን አልተስማሙም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የላይኛ መንጋጋው ቅርንጫፍ የተቆረጠበት አህያ የቀረበለትን አጃ በከንፈሩ መሰብሰብ ተስኖት፣ ከንፈሩን መሬት ላይ ተጭኖ በመጨረሻ በምላሱ እየላሰ ወደ አፉ እንዳስገባው ገልጾ፣ ቅርንጫፉ በምግብ ጊዜ ከንፈርን የሚያንቀሳቅስ ነው ሲል ደመደመ። ድምዳሜው ስህተት ነበር። የቀድሞ ተማሪው ኸርበርት ሜዮ በ1822 እንዳስረዳው፣ አህያው አጃውን ያልያዘው ከንፈሩ ሽባ ስለሆነ ሳይሆን እህሉ ሲነካው ስላልተሰማው ነው፤ ከንፈርን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ ሲሆን፣ የአምስተኛው የማንቀሳቀስ ድርሻ ለብቻው በምትወጣ ቀጭን ሥር የተወሰነ ነው። ይህች ሥር የስሜት ነርቭ ሕዋሳት ከተከማቹበት እብጠት በታች ሾልካ ከታችኛው መንጋጋ ቅርንጫፍ ጋር ትቀላቀልና፣ በጉንጭና ከጆሮ በላይ የተዘረጉትን የማላመጫ ጡንቻዎች ታዝዛለች። ቤልን ከስህተቱ ይልቅ ለትዝብት የዳረገው ግን፣ በ1824 የቀድሞ ጽሑፎቹን ማሻሻሉን ሳይገልጽ አሻሽሎ በመጽሐፍ ማሳተሙ ነው።

ትእዛዙ የሚያልፍበት መንገድ መታወቁ ግን የማላመጥን ምት፣ ማለትም የመክፈትና የመዝጋትን መፈራረቅ፣ አላስረዳም። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን በ1917 የላይኛው የአንጎል ክፍላቸው በተቋረጠባቸው ድመቶች ላይ እንዳየው፣ ጥርስ ወይም ድድ ሲነካ መንጋጋ ወዲያው ይከፈታል፣ ንክኪው ሲቀር ደግሞ መልሶ ይዘጋል፤ እንግዲህ ጉርሻው ራሱ ዑደቱን የሚያስቀጥል ይመስላል። ማብራሪያው ማራኪ ቢሆንም በቂ አልነበረም፤ ምክንያቱም ተመራማሪዎቹ ዴሎውና ለንድ በ1971 ጡንቻዎቻቸው በመድኃኒት እንዳይንቀሳቀሱ በተደረጉ ጥንቸሎች ላይ፣ ከአፍ የሚመለስ አንዳች የእንቅስቃሴ ወሬ ሳይኖር፣ የማላመጥ ምት ያለው ትእዛዝ በነርቮቹ ሲወርድ መዝግበዋል። ምቱን የሚያመነጩት አንጎልን ከአከርካሪ ሰረሰር ጋር በሚያያይዘው የአንጎል ግንድ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ናቸው፤ የአፍ ስሜት ድርሻው ኃይሉን እንደ ምግቡ ጥንካሬ ማስተካከልና፣ ቆሎ ውስጥ ጠጠር ሲገኝ ንክሻውን በቅጽበት ማስቆም ነው። የመዝጊያ ጡንቻዎችን መለጠጥ የሚለኩት የስሜት ሕዋሳትም፣ ከሌሎቹ የስሜት ነርቮች በተለየ፣ አካላቸው ከአንጎል ውጭ ሳይሆን በዚያው ግንድ ውስጥ ይገኛል፤ መልእክታቸውም ያለ መካከለኛ ለአንቀሳቃሾቹ ሕዋሳት ይደርሳል።