ሮማ ስንት ሰዓት ላይ ትበላለች?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ነሐሴ 7 ቀን አምስት ሆነን ሮማ ገባን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ የስምንት ዓመቱ ማሙሽና የአራት ዓመቷ ሚጣ። ወሩን ልብ በሉልኝ፤ ፍልሰታ ነው። እናቴ ፍልሰታን ገድፋ አታውቅም። ማሙሽም «ዘንድሮ እኔም እጾማለሁ» ብሎ ከአያቱ ጋር ቃል ተገባብቷል። ሚጣ ደግሞ ስጎ ካልነካው ፓስታ በቀር አልቀምስም ያለች፣ የራሷን ጾም የያዘች ልጅ ናት። የአሳማ ሥጋማ ማናችንም አንነካም። እኔን ግን «አንተስ ጾመኛ ነህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። እንግዲህ ይህን ሁሉ አፍ ይዛችሁ ምግብ ቤት ፈልጉ!

ያረፍነው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። የትኞቹ አምስት መቶ? እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች። ይህን ስነግራት እናቴ አደባባዩን ዞር ዞር ብላ ቃኘችና «ነፍስ ይማር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለመሆኑ ምሳ የት ነው?»

ሚጣን የገረማት ሌላ ነው። «ፒያሳ? የኛ ፒያሳ?» ቡና ቤት ገብቼ «ማኪያቶ» ስል ሰውዬው ወዲያው ሲቀዳልኝማ ዓይኗ ፈጠጠ። «አባዬ፣ አማርኛ ይችላል!» (ማኪያቶው የኛን እንዳይመስላችሁ። ወተት ጠብ የተደረገበት፣ ጉንጭ የማይሞላ ቡና ነው። ቆማችሁ ስትጠጡት አንድ ዋጋ፣ ተቀምጣችሁ ሌላ ዋጋ። ልጅ የያዘ ሰው ደግሞ መቀመጡ አይቀርም።)

ከዚያ ኮሎሲየም ሄድን። ስለ ኮሎሲየም ሌላ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ የማስታውሰው ፀሐዩን ነው። ስንወጣ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሆኗል፤ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ እናቴ ዝም ብላለች። የእናቴን ዝምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አንዱ ምግብ ቤት ዝግ። ሁለተኛው በሩ ክፍት ነው፤ ወጥ ቤቱ ግን ተዘግቷል። ሦስተኛው ሰው ወንበር ገልብጦ ወለል ይወለውላል። ለካ ሮማ ከምሳ በኋላ፣ ወደ 9 ሰዓት ግድም እሳቷን ታጠፋና እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አትለኩስም! እኔ ከመምጣቴ በፊት የልጆች ሜኑ ያለው ቤት፣ የልጆች ወንበር ያለው ቤት እያልኩ ስጠያይቅ ነበር። ሰዓቱን ግን የጠየቀ የለም።

በዚህ መሃል ትሬቪ ፏፏቴ አካባቢ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «ቤተሰብ! ቤተሰብ! ኑ!» ይለን ጀመር። የምግቡ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፓስታው ያበራል። ሕፃን ሲያለቅስ ማን ያመዛዝናል? ገባን። ፓስታው ተጣብቆ መጣ፤ ሚጣ አንድ ጊዜ አየችውና ሹካዋን አስቀመጠች። ሒሳቡ ሲመጣ ያላዘዝነው ዳቦ በአምስት ሰው ተባዝቶ ተጽፏል። በኋላ ነው የሰማሁት፣ ሮማ ያለችበት የላዚዮ ክልል «ኮፔርቶ» የሚባለውን የገበታ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ከልክሏል። ኮፔርቶ ሲከለከል ዳቦ ተወለደ ማለት ነው።

ያዳነን ቁራጭ ፒዛ ነው። በማግስቱ ባለቤቴ እንደኛው ዳቦ ቤት ወደምትመስል ጠባብ ሱቅ ጎትታ አስገባችን። ከቀትር በኋላም አልተዘጋችም። ፒዛው በረጃጅም ትሪ ተደርድሯል፤ በጣታችሁ «እስከዚህ» ትላላችሁ፣ ቆርጠው መዝነው በኪሎው ሒሳብ ይሸጡላችኋል። «ፒዛ ሮሳ» የሚሉት ቲማቲምና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። የጾም ምግብ! እናቴ ሁለት ጊዜ አስቆረጠች። ለሚጣ «ሱፕሊ» የሚባል የተጠበሰ የሩዝ ድብልብል ገዛንላት፤ ሥጋ የሌለበትን። ሁለት ላይ ስትከፍሉት በመሃሉ ያለው አይብ እንደ ክር ይሳባል፤ ሮማውያን ከዚህ ተነሥተው «የስልክ ሱፕሊ» ይሉታል። ማሙሽ «ስልክ ክር አለው እንዴ?» ብሎ አያቱን አሳቃት።

ውሃው ደግሞ መንገድ ላይ በነፃ ነው። «ናሶኒ» ይሏቸዋል፣ አፍንጫሞቹ እንደማለት፤ ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ውሃ ያወርዳሉ። የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለው ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይፈናጠራል። ይህን ለልጆቼ ያሳያቸው ሰው ምን እንዳደረገኝ እግዜር ይይለት፤ ከዚያ ወዲያ በደረቅ ልብስ አልሄዱም።

በዚያው ቀን ማታ ነው ቴስታቾ የወረድነው። ቴስታቾ የድሮው ቄራ ሰፈር ነው። ቄራው እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘግቷል፤ ቄራ ያስለመደው አበላል ግን አልተዘጋም፤ ጨጓራ፣ ጭራ፣ አንጀት። ወሩ ነሐሴ ነውና ገሚሱ ቤት «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፏል። አንዲት ትራቶሪያ ገና በሯን ስትከፍት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሆነን ገባን። የልጆች ሜኑ የለም፤ መጫወቻም፣ የሚቀባ ሥዕልም የለም። ያለችው ሸምገል ያለች ባለቤቲቱ ናት። ሚጣን አየቻት፣ ሳትጠየቅ ከፍ ያለ ወንበር አመጣች፣ «ፓስታ ኢን ቢያንኮ?» አለች። ነጭ ፓስታ! ሜኑው ላይ የትም አልተጻፈም። ግማሽ ሳህንም ይቻላል አለች።

አሁን የጾሙ ጉዳይ መጣ። ባለቤቴ ያጠናችውን አወጣች፤ «ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ላቴ፣ ሴንዛ ቡሮ»፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ። ሴትዮዋ ደንግጣ «አለርጂ?» አለች። ባለቤቴ ምን ትበል? እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ማሪያ» አለች።

«አአ! ፌራጎስቶ!»

ገባት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጣሊያኖች በእነሱ አቆጣጠር ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በማግስቱ ማለት ነው፣ የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ። እኛ ለዚያው ለእመቤታችን እየጾምን ነው፤ እነሱ ሊበሉ፣ እኛ ገና ሳምንት ሊቀረን።

ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ሽምብራ፣ ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት፣ ከዚያ ደግሞ «ቺኮሪያ» የሚሉትን ቅጠል ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ተጠብሶ አመጣችልን። እናቴ ቀመሰች። «ጎመን ነው» አለች። ሁለተኛ ጉርሻ ወሰደችና «መረር ያለ ጎመን» ብላ አስተካከለች። ሳህኑን በዳቦ ጠረገችው፤ የዚያን ቀን ዳቦ ማንም አልቆጠረም።

እኔ? ትሪፓ አዘዝኩ። ጨጓራ ነው፤ በቲማቲም የተሠራ፣ ናና የገባበት። የዱለት ዘመድ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና «ብላ፤ እኔ አላየሁም» አለችኝ።

ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ አደባባዩ ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ገጠሙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፤ የጣሊያን ሕፃናት ገና ይሯሯጣሉ፣ አያቶቻቸው አግዳሚ ላይ ናቸው። ጀላቲም በላን፤ ማሙሽ የሎሚውን፣ ወተት የሌለበትን፣ ሦስቴ አስጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ።

ልንሄድ ስንል እናቴ ወደ ትራቶሪያዋ በር ተመልሳ ሴትዮዋን ጉንጯን ሳመቻትና «ቻው» አለቻት።

«ቻው፣ ቻው!» አለች ሴትዮዋ።

ሚጣ እጄን ሳበች። «አየህ አባዬ? እሷም ትችላለች።»