የባንኮው ወዲህና ወዲያ

ባለፈው ዓመት እናታችንን ልንቀብር ደሴ ሄጄ ነበር። በሣልስቱ ማግስት ስኳርና ሻይ ቅጠል ተላክሁና ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱፐር ማርኬት ገባሁ። ቤቱ ምንም አይወጣለትም። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ የሚፈልጉትን ራስዎ አንስተው ቅርጫት ውስጥ ይጨምራሉ፤ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ማሽኗን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ደረሰኝ ትሰጣለች። እኔ ግን እንደ ሞኝ መሀል ቤት ቆሜ ባንኮውን ፈለግሁ። ይህ ቦታ እኮ በልጅነቴ የአረቡ ሱቅ የነበረበት ነው!

የከተማችንን የንግድ ታሪክ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ቃላቱ ይበቃሉ። «ሱቅ» አረብኛ ነው፤ ከየመን ተሻግረው በየከተማው በር የከፈቱትን ነጋዴዎች ያስታውሰናል። «ባንኮ» ጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያን ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ገብቶ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ቃሉ ግን ቀረ። «ኅብረት ሱቅ» የደርግ ነው። «ሱፐር ማርኬት» የእንግሊዝ አፍ። አራት ቃል፣ አራት ዘመን።

አረቡ ሱቅ ስገባ ቁመቴ ከባንኮው አይበልጥም ነበር። ሰውየው አንገቱን አስግጎ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል፤ እያወቀኝ። ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠኛል። (ጋዜጣ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያው ጥቅልል ላይ ነው፤ ዛሬ ጋዜጣ ላይ ስጽፍ አንዳንዱ ጽሑፌ መጨረሻው የት እንደሆነ አውቃለሁ።) ገንዘብ ከሌለ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውርዶ ደብተር ላይ ይጭራል። እናቴ ዘንድ ደግሞ የዚያው ግልባጭ የሆነች ትንሽ ደብተር ነበረች። ወር ሲደርስ ሁለቱ ደብተሮች ባንኮው ላይ ይገናኛሉ፣ ሰረዝ ይሰመራል፣ አለቀ።

ይህን ስናወራ ሁላችንም ዓይናችን እንባ ያቀርራል። «ድሮ እኮ መተማመን ነበር!» እንላለን። ግን ትዝታ ጮሌ ነው፤ የሚመቸውን ይዞ የማይመቸውን ይጥላል። እኔም ለብዙ ዓመት ጥዬው የኖርሁት አንድ ነገር አለ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ማሳው ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ደሴም ኮምቦልቻም በር ላይ ተቀመጠ። አረቡ ሱቅ በር ላይም ተቀምጠው የነበሩ እናትና ልጅ ትዝ ይሉኛል። ከውስጥ በርሜል ሙሉ ዱቄት አለ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወሳው መጽሐፉ ይህንኑ የወሎን ረሃብ መርምሯል። የደሴን ገበያ ዋጋ አይቶ እህል ያን ያህል እንዳልተወደደ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር ይጫን እንደነበር ጻፈ። ገበሬው ያለቀው እህል ከገበያ ስለጠፋ ሳይሆን መግዣ ስላጣ ነው ማለቱ ነው። እኔ በልጅ ዓይኔ ያየሁትን እሱ በቁጥር አስረዳ። የዱቤ ደብተሩ የሚያውቀው ስማችንን ነበር፤ የነዚያን እናትና ልጅ ስም ግን አያውቅም። መተማመናችን አጥር ነበረው።

ደርግ መጣና አጥሩን አፈርሳለሁ አለ። በ1967 ዓ.ም. ትልልቁ ንግድ ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ቀበሌውም ኅብረት ሱቅ ከፈተ። ብዙዎቹ የመኖች ጓዛቸውን ሸከፉ። የኛም ሰው አንድ ቀን በሩ ተዘግቶ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ስኳር በካርድ፣ ሳሙና በካርድ። ሌሊት ተነስተን በሰልፉ ቦታችን ላይ ድንጋይ አስቀምጠን እንመለስ ነበር፤ ጠዋት በድንጋይ የተነሳውን ጠብ ያየ ያውቀዋል! ፍትሕ ግን ነበረው፤ የቤተሰቡ ቁጥር እንጂ የማን ልጅነትህ አይጠየቅም። ጉዳቱ፣ ተራህ ሲደርስ «አልመጣም» ትባላለህ። ካርዱ ሁሉንም እኩል ያውቃል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው።

ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ ግን ይስቅብን ነበር። ሐረጎን ተጠማዝዘው ሲወርዱ አየሩም ሰዉም ይለወጣል። እዚያ ዱቤ በፋብሪካ ደመወዝ ይለካል። የጨርቃ ጨርቁ ሠራተኛ ወሩን ሙሉ ከትንንሽ ሱቆች በልቶ በደመወዝ ቀን ይከፍላል። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅም መጀመሪያ የታዩኝ በየጉራንጉሩ ያሉት የዱቤ ደብተሮች ናቸው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፣ በ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ወጣ፣ «ሸማቾች» የምንለውም ተስፋፋ። የሚገርመው፣ የሸማቾች ማኅበር አባቶች የሚባሉት የእንግሊዝ ሮችዴል ሸማኔዎች እ.ኤ.አ. በ1844 ሱቃቸውን ሲከፍቱ አንዱ ደንባቸው «ዱቤ የለም» የሚል ነበር። ዱቤ ድሃን አንገቱን አስሮ እንደሚይዝ ያውቁታላ! ባንኮውን ከመሀል ያነሳውም እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ሜምፊስ ደንበኛው ራሱ ዕቃ የሚያነሳበትን ሱቅ የከፈተው ክላረንስ ሳውንደርስ ነው። እኔ ፒያሳ ላይ ቆሜ የፈለግሁት ባንኮ ከመቶ ዓመት በፊት ሜምፊስ ላይ ተነስቶ ኖሯል።

ከዚያ 2014 መጣ። በጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ ኅዳር ማብቂያ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ መብራትም ባንክም አልነበረም። ሱቅ ተዘረፈ፣ መጋዘን ተዘረፈ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እንኳ በዝርፊያው ምክንያት በሁለቱ ከተሞች እርዳታ ማደሉን አቁሞ ነበር። እኅቴ ከእናታችን ጋር እዚያው ነበረች። ባለመስታወቶቹ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ያለ መብራት ማሽኑ አይሠራም። ሰፈራችን ውስጥ ግን አንዲት ባለሱቅ የደበቀችውን ዱቄት በጓሮ በር ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየሰፈረች ትሰጥ ነበር። «አብሽሪ፣ ይደርሳል» እያለች ደብተር ላይ ትጽፋለች። ደብተሩ ላይ የሰፈሩ ሰው ብቻ አይደለም ያለው። ከሰሜን ተፈናቅለው የመጡትን ስማቸውን ስለማታውቅ «የቆቦዋ፣ ባለሦስት ልጅ» ብላ መዝግባለች። ሁሉም ከፈለ ወይ ብዬ እኅቴን ጠየቅኋት። «ኧረ የት!» አለችኝ። ሴትየዋ ግን ደብተሩን አልጣለችውም።

እኔ ያጣሁት እሱን ነው እንጂ ባንኮውን አይደለም። ሱፐር ማርኬቱን አልጠላም፤ ዋጋው ተጽፎ፣ ማንንም ሳይለማመጡ ገዝቶ መውጣት ትልቅ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተፈቅዷልና ገና ከዚህ የበለጠም ይመጣል። ይምጣ። ብቻ መብራት በጠፋ ቀን የቆቦዋን ሴት ማን ይመዘግባታል?

የእናቴን ሳጥን ስንከፍት ያቺ ትንሽ ደብተር ወጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ 17 ብር ከ35 ሳንቲም ተጽፏል፤ ሰረዝ የለውም። ሰውየው በሩ ከተዘጋ ወዲህ ይህን ሁሉ ዘመን እናቴ ጠብቃዋለች። እኔ ደግሞ የሱፐር ማርኬቱን ደረሰኝ ከኪሴ አውጥቼ አየሁት፤ ዕዳ የለብኝም፣ ስሜም የለበትም። ደረሰኙን ጣልሁት። ደብተሯን ይዤ መጣሁ።