ምጣዱ ሳይነካ፦ የምርጥ ምድጃ ፈተና በየማጀቱ

እንጀራ መጋገር ማገዶ ይፈጃል። ይህን ማንም እናት ያውቀዋል፤ በመንግሥት መዝገብ ጎልቶ የወጣው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ የኃይል አቅርቦት ላይ አንድ ጥናት በጋራ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቼዘን የተባለው የጣልያን ድርጅት ሰፊ ዘገባውን አቀረበ። በእነዚህና በተከታዮቻቸው ጥናቶች መሠረት አገሪቱ ከምትጠቀምበት ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከእንጨት፣ ከኩበትና ከእርሻ ተረፈ ምርት ነበር። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ ምጣዱ ነው።

ለከሰል ምድጃ ከጎረቤት የሚቀዳ አርአያ አልጠፋም። አዲስ አበባ ላይ የተለመደችው ላቀች የኬንያውን ጂኮ መነሻ አድርጋ የተሠራች ናት። ለእንጀራ ግን የሚቀዳ ነገር አልነበረም። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሸክላ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልጋለ መሃሉ ያራል፣ ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ዓይንም አያወጣም። ውኃ በማፍላት ብቻ የተለካ ምድጃ እዚህ ዋጋ የለውም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት ውስጥ የአገር ውስጥ የኢነርጂ ባለሙያዎች የሠሩት “ምርጥ” የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ከሚገኝ ቀላል አሸዋ የሚቀረጽ ነው። አራት ቁራጮች ገጥመው ምጣዱን ከሥር በክብ ያቅፋሉ፤ ከኋላ የሚጨመሩት ሁለት ቁራጮች በጭሱ መውጫ ላይ ድስት ያስቀምጣሉ፤ በሚያመልጠው ሙቀት ወጥም ሆነ ውኃ ይሞቅበታል። በእኔ ግምት የዚህ ምድጃ ብልሃት ያልነካው ነገር ላይ ነው። ምጣዱ ያው የድሮው ምጣድ ነው፤ አክምባሎውም፣ ማሰሻውም፣ የጎመን ዘሩም አልተለወጡም። የተለወጠው ከሥር ያለው ጉልቻ ብቻ ነው። እሳቱን ስለሚከልል ጋጋሪዋን ከወላፈኑ ያርቃታል፤ ይህም ከማገዶ ቁጠባው ባልተናነሰ ተወደደለት።

የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) ከ1998 ጀምሮ ምድጃውን ወደ ገጠር ይዞ ሲወጣ ከተማ ላይ ያልታሰበ ጣጣ መጣ። ሲሚንቶ ከገበያ ሩቅ ለሆነ መንደር ውድ ነው፤ የተቀረጸው ምድጃም ከባድ ስለሆነ መንገድ በሌለበት ማጓጓዙ ፈተና ነው። ስለዚህ የግድግዳው ውፍረት ከ6 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ተቀንሶ ቀጠን ያለው ዓይነት መጣ፤ ሸክላ ሠሪ ሴቶች በእጃቸው ባለው አፈር የሚሠሩት ጎንዝዬም አብሮ ተስፋፋ። ለውጡን ያስገደደው የገዥው አቅምና የመንገዱ ነገር ነው፤ የእሳት ሳይንስ ግኝት አይደለም።

የቁጠባው ልክ ግን ለብዙ ዓመታት በአንድ ቁጥር ሲጠራ ኖረ፤ ከባለ ሦስት ጉልቻው እሳት 50 በመቶ ይቆጥባል ይባል ነበር። ቁጥሩ የቤተ ሙከራ ነው። በ2011 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በሚሊዮኖች ለማዳረስ ሲያቅድ የቁጥሩ ትክክለኛነት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ። በእያንዳንዱ ምድጃ ላይ የሚሠራ ትንሽ ስህተት በሚሊዮን ሲባዛ የአገር የካርቦን ሒሳብን ያዛባል።

በ2013 ተመራማሪዎቹ አበበ በየነ፣ ዘነበ ገብረእግዚአብሔር፣ አለሙ መኮንን፣ ራንዳል ብሉፍስቶንና ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን ወደ ማጀት መለሱት። ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከደቡብ ክልሎች 504 ቤተሰቦች በጥናቱ ገቡ፤ ምድጃው የሚደርሰው ለማን እንደሆነ የተወሰነው በዕጣ ነበር። አንዳንዱ በነጻ ወሰደ፣ አንዳንዱ ጥቂት ከፈለ፣ ሌላው ከተጠቀመበት ጉርሻ እንደሚያገኝ ተነገረው። ከፊሎቹ ተጠቃሚዎች ደግሞ እርስ በርስ እንዲገናኙና ልምድ እንዲለዋወጡ ተደረገ። ምድጃው ላይ የተገጠመች ትንሽ የሙቀት መለኪያ እሳት የተቀጣጠለበትን ጊዜ ሁሉ ትመዘግባለች፤ እንግዳን ላለማሳፈር ሲባል “አዎ፣ ሁልጊዜ እንጠቀምበታለን” ማለት እዚህ አያዋጣም።

በቁጥጥር የሚካሄደው የመጋገር ፈተና ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጋጋሪዋ በራሷ ምጣድ፣ በለመደችው መንገድ ትጋግራለች። ማገዶው አስቀድሞ ይመዘናል፤ የመጨረሻው እንጀራ ከወጣ በኋላ የተረፈው እንጨትና ፍም ተመልሶ ሚዛን ላይ ይወጣል። ውጤቱ ከ22 እስከ 31 በመቶ ቁጠባ ሆነ። የመጋገሪያው ጊዜም እምብዛም አልረዘመም። ከቀድሞው 50 በመቶ ቢያንስም ቁጥሩ የሰዎቹ የራሳቸው ነው፤ ተጠቃሚዎቹም በምድጃው ያላቸው እርካታ ከፍ ያለ መሆኑ ተመዝግቧል።

በ2015 የዓለም ባንክ ያሳተመው የዚሁ ጥናት ወረቀት አንድ ምድጃ በዓመት 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት ደግሞ 0.94 ቶን እንደሚያድን አሰላ፤ ቀደም ሲል ከሚነገረው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ በወቅቱ የካሊፎርኒያ የካርቦን ጨረታ ዋጋ፣ ማለትም በቶን 13.39 ዶላር ሲታሰብ፣ የአንድ ዓመት የካርቦን ገቢ የምድጃውን ወጪ ይሸፍናል።

በወረቀቱ ውስጥ ከዚህ ያነሰ ትኩረት የተሰጠው፣ ለእኔ ግን የበለጠ የሚያመራምረኝ ሌላ ውጤት አለ። እርስ በርስ የተገናኙት ተጠቃሚዎች በጥቅሉ የተሻለ ማገዶ ቆጥበዋል። ከገንዘብ ነክ አማራጮች ደግሞ ጸንቶ የታየው ጥቅም የነጻ እደላው ነው። “ሰው ያልከፈለበትን ነገር አያከብርም” የሚለው በልማት ሰዎች ዘንድ የተለመደ እምነት፣ ቢያንስ በእነዚህ ማጀቶች ውስጥ፣ ማስረጃ አላገኘም።