የክፉ ቀን በጀት ወደ ወረዳችን እንዴት መጣ?

ዛሬ ዘርና ማዳበሪያውን ትተን ስለ ክፉ ቀን በጀት ታሪክ ላውራችሁ። ታሪክ ምን ያደርግልናል የምትሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ጉዳዩ የበሬያችሁ ጉዳይ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲመታ፣ ዋግም ያኔ በወሎ ሥር ነበር፣ ነገሩን የሚከታተል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አልነበረም። መንግሥትም ሊሸፍነው ሞከረ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1966 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ኮሚሽኑ ቆይቶ የዝናቡን፣ የሰብሉንና የገበያውን ሁኔታ እየሰበሰበ ቀድሞ ማስጠንቀቅ ጀመረ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ያህል ሰው አደጋ ላይ እንደሆነ ለለጋሾች ተናገረ። ወሬው ደረሰ፣ እህሉ ግን አልደረሰም። ለጋሾች ዘገዩ፣ ጦርነቱ መንገድ ዘጋ፣ መንግሥትም ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ዓለም የደነገጠው በጥቅምት 1977 የኮረም መጠለያ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ያኔ ስንቱ ሰው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ ቤቱን ዘግቶ ወጥቷል። እንዲህ የወጣ ሰው ስንዴ ቢያገኝ ነፍሱ ትተርፋለች፤ ግን ለቀጣዩ ክረምት በምን ያርሳል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ይህን ለመመለስ ሞከረ። እርዳታ ከልማት ጋር ይያያዝ፣ ጉልበት ያለው እርከንና መንገድ እየሠራ ይቀበል፣ ወረዳውም ኃላፊነት ይውሰድ አለ። በ1987 ኮሚሽኑ ራሱ «የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት» የሚል ስም ያዘ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ አሁንም በየዓመቱ በልመና ነበር የሚመጣው። ተጠይቆ፣ ተፈቅዶ፣ ተጓጉዞ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ፤ በሬውም እስከዚያ ገበያ ወጥቷል።

ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ነው። በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥረው ሰው፣ ሲጀመር 5 ሚሊዮን ገደማ፣ ዝናቡ መጣ ቀረ ሳይባል በጀት አስቀድሞ ተያዘ። አብዛኛው ገንዘብ የለጋሾች ነው፤ የሚያስፈጽመው መንግሥት ነው። መሥራት የሚችል በወር 5 ቀን ይሠራል፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መጠባበቂያው ነው። በ2000ዎቹ በነበረው አሠራር ከመደበኛው በጀት በተጨማሪ 20 በመቶ ለድንገተኛ ችግር ይያዝ ነበር፤ 15 በመቶው በክልል፣ 5 በመቶው እዚሁ በወረዳ። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ቤተሰብ ድንገት ቢመታ ከዚህ እንዲረዳ ነው የታሰበው።

በቂ ነው ማለቴ አይደለም። በ2008ቱ ኤልኒኖ በአገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ሲያስፈልገው መንግሥት ከራሱ ካዝና መጨመር ግድ ሆነበት። በ2016 ደግሞ ሰሃላ፣ ዝቋላና አበርገሌ ምን እንደሆኑ እናንተው ታውቃላችሁ። ክፍያውም ይዘገያል፤ እሱን አልክድም።

ታዲያ ከኛ ምን ይጠበቃል? በጀት የሚንቀሳቀሰው በሪፖርት ነው፣ ሪፖርቱም የሚነሳው ከቀበሌ ነው። ክረምቱ ቀድሞ ከወጣ፣ ማሽላው ከደረቀ፣ ከብቱ መኖ ካጣ፣ በሬ ሳትሸጡ በፊት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ንገሩ። «ተጎዳን» ብቻ አትበሉ፤ ስንት ጥማድ፣ ምን ሰብል፣ ስንት ከብት ብላችሁ ቁጥሩን አስመዝግቡ። ከዝርዝር ያላግባብ የቀረ ሰው ካለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ሳይዘገይ ያመልክት።

በ1976 ማስጠንቀቂያው ነበር፣ በእጅ ያለ በጀት አልነበረም። ዛሬ ትንሽም ብትሆን በጀት ካለች፣ የኛ ሪፖርት ዘግይቶ እንዳያስቀራት።

ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።