የግዕዝ ፊደልና የድሮው ኮምፒዩተር

ከ20 ዓመት በፊት በአማርኛ የተጻፈ የእድር ደንብ ወይም የማኅበር ቃለ ጉባኤ የያዘ ፍሎፒ ዲስክ ከአንዳንዶቻችሁ ቤት አይጠፋም። ዛሬ ሲከፈት ግን በፊደላችን ፈንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይደረደራል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ለፊደል የነበረው 256 ቁጥር ብቻ ነው፤ ግማሹን እንግሊዝኛውና የማሽኑ ትእዛዞች ይዘውታል። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላው፣ አኃዙና ነጥቡ ሳይቆጠር። ስለዚህ ፊደላችን በላቲኑ ቁጥሮች ላይ ተደርቦ፣ አንዳንዴም ለሁለት ፎንት ተከፍሎ ተሠራ። ቁጥሩን ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም እንደፈቀደው አደለ፤ የአንዱ «ሀ» ለሌላው «መ» ሊሆን ይችላል።

አታሚውም የራሱ ጣጣ ነበረው። በዶስ ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን የአታሚ ድራይቨር ይዞ ይመጣ ነበር። ዶት ማትሪክሱ በሆዱ ግዕዝ ስለሌለው ፊደሉ እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ ይላክለታል፤ ገጹ እስኪወጣ ቡና ይፈላል! በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ትሩታይፕን ይዞ ሲመጣ ኅትመቱ ቀለለ፤ የቁጥሩ ልዩነት ግን እንደነበረ ቆየ። የጋራ ቁጥር ያገኘነው ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት ነው። ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ወጣ።

ይህ ሁሉ ለድሮው ፋይል አይደርስለትም። ፋይሉ የያዘው ቁጥር ነው፤ የፊደሉ መልክ ያለው ፎንቱ ላይ ነው። እንግዲህ የፕሮግራሙን ስምና ፎንቱን ፈልጉ። ፎንቱ ከጠፋም በጊዜው የታተመ አንድ ገጽ ከተገኘ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ማዛመድ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን የፍሎፒው ማግኔት እየደከመ ነውና ዛሬውኑ ቅጂውን አውጡ።