የጽሑፍ ቅጂና የባሌ ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኛ ግን የባሌን ታሪክ ስንመረምር፥ መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተናል።

በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድን ዘመቻ፥ በባሌ የተደረገውን ጦርነት ጭምር፥ የጻፈልን ዓረብ ፈቂህ ነው። «ፉቱሕ አል ሐበሻ» የተባለው መጽሐፉ በእጅ እየተገለበጠ ቆይቶ፥ ረኔ ባሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1909 በፓሪስ ከትርጉሙ ጋራ አሳተመው። ደራሲው ያሰበው ሁለተኛ ክፍል ግን እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 እስከ ሞቱበት ድረስ ያሉትን የመጨረሻ ዓመታት ከእርሱ ብዕር ለማንበብ አልቻልንም።

ዛሬም በሮቤ ሆነ በጎባ አንድ የመሬት መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ ጥያቄው ያው ነው። የባለይዞታው ስም በአንድ ሰንጠረዥ፥ መሬቱ በሌላው ይመዘገባል። ጠባቂው ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ካልቀዳ፥ መዝገቡ ሲመለስ መሬቱ ባለቤት ያጣል። ከቅጂው በኋላ የተደረገውም ለውጥ ለብቻው ተይዞ በተራው ካልተጨመረ፥ የዚያ ቀን ሥራ ጠፋ ማለት ነው። ቅጂውም ከዋናው ጋራ በአንድ ቤት ቢቀመጥ፥ አንድ እሳት ሁለቱን ይበላል።

የቀድሞ ጸሐፊ የገለበጠውን ከዋናው ጋራ እንደሚያስተያይ ሁሉ፥ የዳታቤዝ ጠባቂም ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሶ ሊፈትነው ይገባል። ያልተፈተነ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ፈተናው ከጥፋቱ ይቅደም።