የገዛ አካልን መለካት፦ ከሳንቶሪዮ ሚዛን እስከ እጅ ሰዓት

አባቶቻችን ጨርቁን በክንድ፣ ገመዱን በስንዝር፣ መሬቱን በእርምጃ ሲለኩ መለኪያው ራሱ የሰው አካል ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ መሣሪያው ለኪ፣ አካል ተለኪ ሆኗል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ሰዓት እርምጃን ይቆጥራል፤ የልብን ትርታ ይከታተላል፤ የእንቅልፍን ርዝመት ይመዘግባል። ብዙዎች ይህን የዘመናችን ፈጠራ ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ ራስን የመለካት ልማድ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለው። በዘመናችን አዲስ የሆነው መለካቱ ሳይሆን የመዝገቡ ጠባቂ መለወጡ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው የመጀመሪያው ሰው በቬኒስ ሪፐብሊክ ግዛት የተወለደው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ (1561–1636) ነው። በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር የነበረው ይህ ሰው፣ ወንበር ከትልቅ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ በመቀመጥ የበላውንና የጠጣውን፣ ከሰውነቱም የወጣውን ለብዙ ዓመታት መዘነ። በ1614 በታተመው መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ በቀን 8 ፓውንድ ምግብና መጠጥ ከሚወስድ ሰው 5 ፓውንድ ያህሉ ለዓይን በማይታይ ትነት ይወጣል። የአሳቡ ዝርዝር በኋላ ዘመን ቢታረምም፣ የሰውን አካል ጠባይ በቁጥር ለመመርመር መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ሆነ።

አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ ሚዛኑን ከአካል ወደ ምግባር አሻገረው። በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ 13 ምግባራትን መርጦ በትንሽ ደብተር ሠንጠረዥ አሰመረ፤ ለሰባቱ ቀናት ሰባት ዓምዶች ሰጥቶ፣ ጥፋት በፈጸመበት ቀን አንጻር ጥቁር ነጥብ ያኖር ነበር። ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ ሳንቶሪዮም ሆነ ፍራንክሊን ለኪም፣ ተለኪም፣ መዝገብ ያዥም ራሳቸው መሆናቸው ነው። ለሕዝብ የገለጹትም በገዛ ፈቃዳቸው መርጠው ነው።

ይህ አንድነት በኢንሹራንስ ዘመን ላላ። የአሜሪካው ሜትሮፖሊታን የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ኢንሹራንስ የገቡ ሰዎችን ክብደትና ዕድሜ አመሳክሮ፣ በ1942 ለሴቶች፣ በ1943 ለወንዶች ተስማሚ ነው ያለውን የክብደት ሠንጠረዥ አወጣ። ሠንጠረዡ ወደ ሐኪም ቤቶች ገብቶ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። በዚህም የግለሰቡ ክብደት ከጤናው ምልክትነት አልፎ፣ ሌላው ወገን ኪሣራውንና ትርፉን የሚያሰላበት አኃዝ ሆነ።

የእርምጃ ቆጠራ ታሪክ ደግሞ ከእኛ አገር ስም ጋር ይጎራበታል። በጥቅምት ወር 1964 አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ በድል ፈጸመ። ጨዋታው በጃፓን ሕዝብ ዘንድ የአካል እንቅስቃሴን ፍላጎት በቀሰቀሰበት ወቅት፣ በ1965 ያማሳ የተባለ ድርጅት «ማንፖ-ኬይ» የሚባል በወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ። የስሙ ትርጉም «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ሁሉ እንደ ሕግ የሚጠቀሰው 10,000 እርምጃ መነሻው ከሰፊ የሕክምና ጥናት ይልቅ የአንድ ዕቃ ስያሜ ነበር። በ2019 በ16,741 አረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት አደጋቸው አነስተኛ ነበር፤ ልዩነቱም ከ7,500 ገደማ በኋላ አልጨመረም። ድፍን ቁጥር ለማስታወስ ይመቻል፤ እውነትነቱን ግን አያረጋግጥም።

የጃፓኑ መቁጠሪያ የቆጠረውን የሚያሳየው ለባለቤቱ ብቻ ነበር። በ2007 የተመሠረተው ፊትቢት በ2009 ያወጣው መሣሪያ ግን ቁጥሩን ወደ ኩባንያው የመረጃ ማከማቻ ያስተላልፍ ነበር። ጉግል በ2019 ይህን ኩባንያ በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ግዢውም በ2021 ተጠናቀቀ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባል ነበር፤ አሁን የብቅልን ሥራ የእጅ ሰዓት ተረክቧል። ስትራቫ የተባለው የስፖርተኞች አገልግሎት በ2017 መጨረሻ የተጠቃሚዎቹን የሩጫ መንገዶች በዓለም ካርታ ላይ አሳትሞ አወጣ፤ በጥር 2018 ካርታውን የመረመሩ ሰዎች፣ ወታደሮች በየጦር ሰፈሩ ዙሪያ የሮጡበት ፈለግ ደምቆ አገኙት። ስም አልተጻፈም፤ ሆኖም የብዙዎች ትንንሽ ልኬት ሲደመር ማንም ሊገልጠው ያላሰበውን ምሥጢር ገለጠ። የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴርም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር፣ በግዳጅ ቀጠና የሚገኙ ባልደረቦቹ ቦታ ጠቋሚ አገልግሎቶችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ።

በአገራችን ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ ጤናን የሚመለከት መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን እንዲመደብ አድርጓል። ሕጉ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሕመምተኛ ለሐኪሙ የሚነግረውን ምሥጢር የሙያው ሥነ ምግባር ከጥንት ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ ያው ሰው ለእጅ ሰዓቱ የሚሰጠውን ትርታ ግን የሚጠብቀው ሳያነብ የተስማማበት የውል ጽሑፍ ነው። ስለሆነም ባለሙያው ከደንበኛው የሰዓት ቁጥር ሲቀርብለት ሁለት ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፤ አንደኛ፣ ይህ ቁጥር በምን ጥናት ላይ ቆሟል? ሁለተኛ፣ ከእኔና ከእርሱ ሌላ ማን ዘንድ ይገኛል? ለሁለተኛው ጥያቄ ሕመምተኛው ራሱ መልስ እስኪኖረው ድረስ፣ የማኅበራችን አባላት በየሥራ ቦታቸው ጉዳዩን ሊያስረዱ፣ በጉባኤዎቻቸውም ሊወያዩበት ይገባል።